ኤች ኢንዴክስ ከመጠየቅ በፊት፦ የተመራማሪን የኅትመት ሥራና ሳይቴሽን በትክክል መለካት

«ደብረ ብርሃን»ን በላቲን ፊደል ስንጽፍ አንዱ ከ«ብ» ቀጥሎ አይ ያስገባል፣ ሌላው ኢ ያስገባል፣ ሦስተኛው ደግሞ አናባቢውን ከ«ር» በኋላ ያሻግረዋል። ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ የሚጽፍም አለ። ለአንባቢ ሁሉም ያው ከተማ ነው። ለመረጃ ቋት ግን የተለያዩ ተቋማት ሊሆኑ ይችላሉ። የሰው ስም ደግሞ ከዚህ የባሰ ይበታተናል። ስለዚህ ለደረጃ ዕድገትም ይሁን ለምርምር ገንዘብ ማመልከቻ ወይም ለትምህርት ክፍሉ ዓመታዊ ሪፖርት የአንድን ተመራማሪ ሥራ ልትለኩ ስትነሱ መጀመሪያ ዝርዝሩን አጥሩ። ሳይቴሽንም (አንድ ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሰበት ብዛት) ይሁን ኤች ኢንዴክስ (የጽሑፎችን ብዛትና ሳይቴሽናቸውን በአንድ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ)፣ ባልጠራ ዝርዝር ላይ የተሰላ ቁጥር ሰው ይበድላል፤ አንዱን ያለአግባብ ዝቅ፣ ሌላውን ያለአግባብ ከፍ ያደርጋል።

ስሙን ማጥራት

የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለበትም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። የመረጃ ቋቶቹ ግን የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዱታል። አንድ መምህር የመጀመሪያ ጽሑፉን በራሱና በአባቱ ስም ቢያሳትምና ሁለተኛውን እስከ አያቱ ቢጽፍ፣ አንዱ በአባቱ ሌላው በአያቱ ስም ይመዘገብና ሁለት ሰው ሆኖ ይወጣል። «ገብረ»፣ «ወልደ» ወይም «ኃይለ» ያለበት ስም አንዴ ተጋጥሞ አንዴ ተለያይቶ ሲጻፍ ሦስተኛ ሰው ይጨመራል። «ፀ»ን አንዱ በቲና ኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጽፈዋል፤ «ቀ» በኬም በኪውም ይጻፋል። የተገላቢጦሹም አለ፦ የመረጃ ቋቱ የራስን ስም በአንድ ፊደል ስለሚያሳጥረው «ከበደ ኤ» ብላችሁ ስትፈልጉ የአበበም፣ የአለሙም፣ የአስቴርም ሥራ ተቀላቅሎ ይመጣል።

ስለዚህ ፍለጋ ከመጀመራችሁ በፊት ከሥራው ባለቤት፣ ማለትም ከተመራማሪው፣ ሦስት ነገር ተቀበሉ። አንደኛ፣ እስከ ዛሬ የታተመበትን የስም አጻጻፍ ሁሉ። ሁለተኛ፣ የሠራበትንና የተማረበትን ተቋም ሁሉ፤ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች ብዙ ጊዜ በተማረበት ዩኒቨርሲቲ አድራሻ ስለሚወጡ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ብሎ የፈለገ ሰው አያገኛቸውም። የጤና ሰዎች ደግሞ አንዳንዴ አሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስን አስቀድመው ይጽፋሉ። ሦስተኛ፣ የኦርኪድ ቁጥሩን። ኦርኪድ ከ2012 ጀምሮ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ የግሪጎርያን ናቸው) ለተመራማሪዎች በነፃ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ መለያ ነው፤ በአራት በአራት ተከፍሎ ይጻፋል፣ የመጨረሻው አኃዝ ኤክስ ሊሆን ይችላል። የሌለው ሰው ዛሬውኑ ያውጣ፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሲያወጣም ልዩ ልዩ የስም አጻጻፎቹን «ሌሎች ስሞች» በሚለው ቦታ ይሙላቸው።

በቦታ ስም ስትፈልጉም ተጠንቀቁ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ መቀመጫው ደብረ ብርሃን፣ ሌላው ፍቼ። በዚያ ላይ «በሰሜን ሸዋ ዞን» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ያለ ሰው የሠራው ሊሆን ይችላል። ጥናቱ የተደረገበት ቦታና ደራሲው የሚሠራበት ተቋም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ዝርዝሩን በኤክሴል መሥራት

ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ መስመር ስጡ። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ ርዕስ፤ ደራሲያን ልክ እንደታተመው፤ የባለቤቱ ተራ (ለምሳሌ 2 ከ6)፤ ኮረስፖንዲንግ ደራሲ (ስለ ጽሑፉ ደብዳቤ የሚላክለት) መሆን አለመሆኑ፤ ጆርናልና አይኤስኤስኤን (የጆርናሉ መለያ ቁጥር)፤ ዓመት፤ ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ የኢንተርኔት መለያ)፤ የሥራው ዓይነት፤ ከየምንጩ የተገኘ የሳይቴሽን ቁጥር፤ ቁጥሩ የተወሰደበት ቀን። የሥራው ዓይነት ላይ ችላ አትበሉ። የተገመገመ የምርምር ጽሑፍ፣ ሪቪው (የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚቃኝ)፣ የጉባኤ ጽሑፍ፣ የመጽሐፍ ምዕራፍ፣ ፕሪፕሪንት (ሳይገመገም ኢንተርኔት ላይ የወጣ ረቂቅ) እና የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ድምር ውስጥ ከተጨፈለቁ በኋላ መለየት አድካሚ ነው።

ዓመቱን ከሲቪ አትገልብጡ፤ ከጆርናሉ ገጽ ውሰዱ። በአማርኛ ሲቪ ላይ 2012 ዓ.ም. የተባለ ጽሑፍ በጆርናሉ 2019 ወይም 2020 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ግድም ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነውና። አንዳንድ ጽሑፍ ደግሞ በኅዳር ኦንላይን ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ዕትም ውስጥ ይገባል። አንዱን መርጣችሁ ለሁሉም እጩ በዚያው ሂዱ።

ዲኦአዩን አንድ በአንድ ክፈቱት። በ10 ይጀምራል፤ ሲጫኑት ወደ ራሱ ጽሑፍ መውሰድ አለበት። ወደ ሌላ ርዕስ ከወሰደ ወይም ጨርሶ ካልተከፈተ መስመሩን ቀለም ቀቡና ባለቤቱን ጠይቁ። እዚያው ላይ ጽሑፉ ከኅትመት የተሻረ መሆን አለመሆኑን ተመልከቱ፤ የተሻሩ ጽሑፎችን የሚይዘው የሪትራክሽን ዎች መዝገብ ከ2023 ጀምሮ ዲኦአይ በሚመዘግበው ድርጅት በክሮስሬፍ በኩል በነፃ ይገኛል። የተሻረ ጽሑፍ ሳይቴሽን መሰብሰቡን አያቆምም፤ ያላየ ቆጣሪ ይደምረዋል።

ቁጥሩን ከየት እንወስዳለን

ዋናዎቹ ምንጮች ሦስት ናቸው። ዌብ ኦፍ ሳይንስ ዩጂን ጋርፊልድ በ1960ዎቹ ከጀመረው የሳይቴሽን ኢንዴክስ የወጣ ነው፤ ዛሬ የክላሪቬት ነው። ስኮፐስ በ2004 በኤልሰቪየር የተጀመረ ነው። ጉግል ስኮላርም በዚያው ዓመት ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዋናነት የመረጧቸውን ጆርናሎች፣ የጉባኤ ሰነዶችና መጻሕፍት ይይዛሉ። ስኮላር ግን ኢንተርኔት ላይ ምሁራዊ የሚመስለውን ሁሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፍንና ፕሪፕሪንትን ጨምሮ ይሰበስባል። አንድ ጽሑፍ በስኮላር 48፣ በስኮፐስ 27 ቢል ማንም አልተሳሳተም፤ የሚቆጥሩት የተለያየ ነው። ትልቁ ስህተት የአንዱን እጩ ቁጥር ከስኮላር፣ የሌላውን ከስኮፐስ ወስዶ ማወዳደር ነው።

ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ በሙሉ የሚከፈቱት በክፍያ ነው። ይሁንና ስኮፐስ ላይ የአንድን ደራሲ ገጽ በነፃ መፈለግ ይቻላል፤ ባለቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ካገኘው ገጾቹ እንዲዋሃዱለት እዚያው ማመልከት ይችላል። ከ2022 ጀምሮ ያለው ኦፕንአሌክስ የተባለ የመረጃ ቋት ደግሞ በነፃ ይፈለግበታል። ስሞችን ሲያጣምር ይሳሳታልና ገጹን እንዳለ አትመኑት፤ በዲኦአይ ስትፈልጉ ግን ጥሩ ማመሳከሪያ ነው።

ለአብዛኛው የአገራችን ተመራማሪ በተግባር የሚሠራው ስኮላር ስለሆነ እሱ ላይ ቆም እንበል። ፕሮፋይል ሲከፈት ስም፣ ተቋምና የተቋም ኢሜይል ይሞላል፤ የተቋም ኢሜይሉ ካልተረጋገጠ ገጹ በፍለጋ አይወጣም። ከዚያ ስኮላር የጽሑፍ ቡድኖችን አቅርቦ «የእርስዎ ናቸው?» ይላል። እዚህ ጋ ቡድኑን በሙሉ አይቀበሉት፤ ከላይ ያነሳነው የስም መቀላቀል የሚገባው በዚህች ቅጽበት ነው። ቀጥሎ አዲስ ጽሑፍ ሲገኝ በራሱ ይጨመር ወይስ በኢሜይል ይጠይቅ የሚል ምርጫ ይመጣል። «ይጠይቅ» የሚለውን ምረጡ። በራሱ እንዲጨምር የተተወ ገጽ ሳይታወቅ የሌላ ሰው ሥራ ይሞላዋል፤ በኋላ ኮሚቴ ፊት ሲገኝ ደግሞ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። አንድ ጽሑፍ በሁለት መስመር ከመጣ ሁለቱን ምልክት አድርጋችሁ «መርጅ» (አዋህድ) በሉ፤ የእናንተ ያልሆነውን ሰርዙ።

ገጽ ለሌለው ሰው አን-ዊል ሃርዚንግ በ2006 ያወጣችው ፐብሊሽ ኦር ፔሪሽ የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ። ስሙን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታችሁ የዓመት ገደብ ስጡት፤ ውጤቱን ወደ ኤክሴል ያወጣል። ስኮላር ላይ በተከታታይ ብዙ ፍለጋ ካደረጋችሁ ግን «ሮቦት አይደለሁም» የሚለው ይመጣና ይዘጋባችኋል፤ ያኔ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ። እያንዳንዱን ፍለጋ እንደጨረሳችሁ ፋይሉን አስቀምጡ፤ መብራት ወይም ኔት ቢሄድ ከዜሮ አትጀምሩም።

ስሌቱ

ኤች ኢንዴክስን ያቀረበው የፊዚክስ ሊቁ ሆርጌ ሂርሽ ነው፣ በ2005። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 8 ጊዜ የተጠቀሱ 8 ጽሑፎች ያሉት፣ 9 ጊዜ የተጠቀሱ 9 ጽሑፎች ግን የሌሉት ሰው ኤች ኢንዴክሱ 8 ነው።

በእጅ እንሥራው። ከስኮላር የወረደ የ12 ጽሑፎች ሳይቴሽን ከትልቅ ወደ ትንሽ እንዲህ ተደርድሯል እንበል፦ 48፣ 31፣ 19፣ 14፣ 9፣ 8፣ 8፣ 6፣ 3፣ 1፣ 0፣ 0። ከጎናቸው 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ተራ ስጡ። ተራ ቁጥሩ ከሳይቴሽኑ የማይበልጥበት የመጨረሻው መስመር መልሱ ነው። ሰባተኛው መስመር 8 ነው፣ ያልፋል፤ ስምንተኛው 6 ነው፣ አያልፍም። ኤች ኢንዴክስ 7፤ ድምር 147። ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱትን የሚቆጥረው አይ-10 ደግሞ 4 ነው።

አሁን ዝርዝሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። 6 እና 3 ያላቸው መስመሮች ርዕሳቸው በአንዲት ቃል ብቻ ይለያያል፤ አንዱ ፕሪፕሪንት፣ ሌላው የታተመው ነው። ሲዋሃዱ 9 አይሆኑም፤ አንዱ ጠቃሽ ሁለቱንም ስለጠቀሰ 8 ይሆናሉ። ዝርዝሩ 48፣ 31፣ 19፣ 14፣ 9፣ 8፣ 8፣ 8፣ 1፣ 0፣ 0 ሆነ። የጽሑፍ ብዛት ከ12 ወደ 11፣ ድምሩ ከ147 ወደ 146 ወረደ፤ ኤች ኢንዴክስ ግን ከ7 ወደ 8 ወጣ። አንድ ሥራ ለሁለት ተቆርሶ ስለነበር ነው ባለቤቱ የተጎዳው።

ይኸው 8 ምን ያህል በቀጭን ክር ላይ እንደተንጠለጠለም አስተውሉ። ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ያሉት ሦስቱም ልክ 8 ናቸው። ከአንዱ ላይ አንዲት የራስ ሳይቴሽን ብትነሳ ኤች ኢንዴክሱ 7 ይሆናል። «እኛ የምንቀበለው 8 ያለውን ነው» ብሎ መስመር ያሰመረ ኮሚቴ በአንዲት ጥቅስ ሰው ሊያስቀር ነው።

አማካዩ 146 ለ11 ሲካፈል 13.3 ነው። ሚዲያኑ፣ ማለትም መሃል ላይ ያለው ስድስተኛው፣ 8 ነው። ልዩነቱን የፈጠረችው ባለ 48ቷ አንድ ጽሑፍ ናት። በአማካይ ብቻ የቀረበ ሪፖርት ሲመጣላችሁ ሚዲያኑን ጠይቁ።

የስኮላር ገጽ ሁለት ዓምድ አለው፤ «ሁሉም» እና ያለፉት አምስት ዓመታት። ሁለተኛውን ብዙ ሰው «ባለፉት አምስት ዓመታት የታተሙ ሥራዎች» እያለ ያነበዋል። አይደለም፤ በእነዚያ ዓመታት የተገኘ ሳይቴሽን ነው፣ ጽሑፉ የ20 ዓመት ዕድሜ ቢኖረውም። ሰውየው በቅርቡ ምን እንዳሳተመ ለማወቅ የራሳችሁን ዝርዝር በዓመት ደርድሩ።

ቁጥሩን የሚያሳብጡና የሚያሳንሱ ነገሮች

የራስ ሳይቴሽን ወንጀል አይደለም። የመንዝ በግ እርባታን ለዓመታት የሚከታተል ሰው የቀደመ ሥራውን ካልጠቀሰ ማንን ይጥቀስ? ብቻ ተለይቶ ይታወቅ። ስኮላር በራሱ አይለይም። ከጽሑፉ ሥር ያለውን የጠቃሾች ቁጥር ተጫኑ፣ «በጠቃሾቹ ውስጥ ፈልግ» የሚለውን ምልክት አድርጉ፣ የደራሲውን ስም ጻፉ። የራሱን ብቻ ነው የምትቆጥሩት ወይስ የአብሮ ደራሲያንንም ጭምር? ሁለቱም ያስኬዳል፤ የትኛውን እንደቆጠራችሁ ግን ጻፉ። በምሳሌያችን ከ146ቱ 22ቱ የራስ ቢሆኑ 15 በመቶ ነው።

የደራሲ ብዛት ከዚህ ይከብዳል። በተለይ ጤና ላይ በዓለም የበሽታ ጫና ጥናት ውስጥ ስማቸው የገባ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ እነዚህ ጽሑፎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲያን አሏቸው፣ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜም ይጠቀሳሉ። መሳተፉ ክብር ነው። ነገር ግን ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለው ሰው ድምር፣ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ድረስ ወርዶ መረጃ ሰብስቦ የመጀመሪያ ደራሲ ሆኖ ካሳተመው ሰው ድምር ጋር ጎን ለጎን ሊቀመጥ አይችልም። መፍትሔው ሁለት ቁጥር ማቅረብ ነው፦ ከትልልቅ የጋራ ጽሑፎች ጋርና ያለ እነሱ። የሳይቴሽኑን ቁጥር ለደራሲያኑ ማካፈልም ይረዳል። ስድስት ሰው የጻፈው ባለ 48 ሳይቴሽን ጽሑፍ ለአንዱ 8 ይደርሰዋል፤ ሁለት ሰው የጻፈው ባለ 14 ደግሞ 7። ሩቅ የሚመስሉት ሁለቱ ሥራዎች ጎረቤት ሆኑ።

ዕድሜም አለ። ኤች ኢንዴክስ ከጊዜ ጋር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። ሂርሽ ራሱ የሰጠው ማስተካከያ ኤች ኢንዴክሱን የመጀመሪያው ጽሑፍ ከወጣ ወዲህ ላሉት ዓመታት ማካፈል ነው፤ በ10 ዓመት 8 ያገኘ 0.8፣ በ24 ዓመት 12 ያገኘ 0.5 ይሆናል። ዓመቶቹን ስትቆጥሩ በወሊድ፣ በሕመም ወይም በአስተዳደር ሥራ የጠፋውን ጊዜ መዝግቡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ በደረሰበት ወቅት የመስክ ሥራው የተቋረጠበት ተመራማሪ ካለም፣ ክፍተቱ ከነምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፍለት።

ጆርናሉንና ሰውየውን አለማምታታት

ኢምፓክት ፋክተር የጆርናል እንጂ የሰው መለኪያ አይደለም። የ2024ቱ የሚሰላው ጆርናሉ በ2022 እና በ2023 ያሳተማቸው ሥራዎች በ2024 ያገኙትን ሳይቴሽን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ለወጡት ጽሑፎች ብዛት በማካፈል ነው፤ 90 ጽሑፍ 135 ጊዜ ከተጠቀሰ 1.5። ጥቂት ጽሑፎች አብዛኛውን ስለሚሸከሙ በዚያ ጆርናል ያሳተመ ሁሉ 1.5 ይገባዋል ማለት አይደለም። በ2013 የወጣው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫም ሰውን በጆርናል ኢምፓክት ፋክተር አትመዝኑ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ያም ሆኖ ጆርናሉ እውነተኛ መሆኑን ማጣራት ግዴታ ነው። በስሙ ሳይሆን በአይኤስኤስኤን ቁጥሩ የስኮፐስ የጆርናል ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት፤ የታወቀ ጆርናል ስም ሰርቀው ተመሳሳይ ድረ ገጽ የሚከፍቱ አሉና። ከተገኘ የሽፋኑን ዓመታት አንብቡ። ዛሬ ከዝርዝሩ የወጣ ጆርናል ጽሑፉ ሲታተም ውስጥ ነበረ ወይ? መፈረድ ያለበት በታተመበት ዓመት ነው። «ዓለም አቀፍ» ወይም «ሳይንሳዊ» የሚል ቅጽል የተለጠፈበት ከክላሪቬት ያልመጣ ኢምፓክት ፋክተር ካያችሁ፣ ወይም ግምገማው በሦስት ቀን አልቆ ክፍያ ከተጠየቀ፣ ተጠራጠሩ።

ስኮፐስ ውስጥ አለመኖር ግን ሐሰተኛ መሆን አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴር እውቅና የሰጣቸው የአገር ውስጥ ጆርናሎች አሉ፤ ብዙ የአፍሪካ ጆርናሎችም በአፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ይገኛሉ። እነዚህን በተለየ ዓምድ መዝግቡ እንጂ አትጣሉ።

ከማን ጋር እናወዳድር

የሕዝብ ጤና ጽሑፍና የእነዋሪን ጥቁር አፈር ውኃ ስለማጠንፈፍ የተጻፈ ጽሑፍ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። የመጀመሪያው መስክ ብዙ ተመራማሪ፣ ብዙ ጆርናል፣ ረጅም ማጣቀሻ አለው። የሚከፈልባቸው ቋቶች ይህን የሚያስተካክል መለኪያ አላቸው፤ የስኮፐሱ 1.00 ሲሆን በመስኩ፣ በዓመቱና በጽሑፍ ዓይነቱ የዓለም አማካይ ማለት ነው። ክፍያ ለሌለው የእጅ ዘዴ አለ፦ ጽሑፉ የወጣበትን ጆርናል የዚያኑ ዓመት 20 ያህል ጽሑፎች ውሰዱ፣ የእያንዳንዱን ሳይቴሽን ከዚያው ምንጭ በዚያው ቀን መዝግቡ፣ ደርድሩና የእጩው ስንተኛ እንደሆነ እዩ። ከ20ው 4ኛ ከሆነ፣ ሳይቴሽኑ 9 ብቻ ቢሆንም ጥሩ ሥራ ነው። ከታተመ ሁለት ዓመት ያልሞላውን በዚህ አትለኩ።

ሳይቴሽን የማይነካው ሥራም አለ። ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ አርቢዎች በጋራ አውራ በግ መርጠው የሚያራቡበት አሠራር፣ ለልማት ጣቢያ የተጻፈ የአማርኛ መመሪያ፣ የተለቀቀ ዝርያ፤ እነዚህ ኤች ኢንዴክስ ውስጥ አይገቡም። ለብቻቸው በሰነድ ይቅረቡ፦ የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ የሥልጠና መዝገብ፣ የተጠቃሚ ቀበሌዎች ዝርዝር።

ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው

አንድ አንቀጽ ይበቃል። ለምሳሌ፦ «እጩዋ ከ2014 እስከ 2024 11 ሥራዎችን አሳትመዋል፤ በ5ቱ የመጀመሪያ፣ በ3ቱ ኮረስፖንዲንግ ደራሲ ናቸው። በጉግል ስኮላር ጠቅላላ ሳይቴሽን 146፣ ከራስ ሳይቴሽን ውጭ 124፤ ኤች ኢንዴክስ 8፣ ከራስ ሳይቴሽን ውጭ 7፤ ሚዲያን 8። ሁለት የተደገሙ መዝገቦች ተዋሕደዋል። ቁጥሩ የተወሰደው የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።»

ቁጥሩ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የገጹን ፒዲኤፍ በዚያው ቀን አስቀምጡ፤ የሁሉንም እጩዎች ቁጥር በአንድ ቀን ውሰዱ። ከዚያ ኤክሴሉን ለባለቤቱ ላኩለትና አምስት የሥራ ቀን ስጡት። የጎደለ ጽሑፍ ወይም የተቀላቀለ ስም ከእሱ በላይ ቶሎ የሚያይ የለም። እርማቱን ማስረጃ ካለው ተቀበሉ፣ ምን እንደተለወጠ በመስመሩ ጎን ጻፉ፣ ፋይሉን ወደ ኮሚቴው ምሩት።